ሰዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ሰው የማይታይበት ሥዕል

ዘንድሮ በቅርስ ትምህርታችን እያንዳንዱ ተማሪ ከሞተ ብዙ ዘመን ስለሆነው አንድ የታወቀ ሰው እንዲጽፍ ታዘዘ። አንዱ ጓደኛዬ አፄ ቴዎድሮስን መረጠ። አንዷ እቴጌ ጣይቱን፣ ሌላው አበበ ቢቂላን መረጡ። እኔ ሰዓሊ መረጥሁ። በቤታችን ይህን ስናገር መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አያቴ ስሙን ጠየቀችኝ። ገብረ ክርስቶስ ነው ስላት ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ የእኛ ሰው እንዳልሆነ ከስሙ አውቃለች። እንዲህ የሚጠይቅ ሌላም ሰው ስለሚኖር ለምን እርሱን እንደመረጥሁ ከታሪኩ ጋር እጽፋለሁ። አማርኛዬ የተሳሳተበት ቦታ ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ የተወለድሁትም የተማርሁትም እዚህ ነው። ዓመቶቹን የጻፍኋቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ብራናና የብራና ሥዕል በቤታቸው የሚታወቅ ሥራ ነበር። ስለዚህ ልጁ ቀለምን ያወቀው ከትምህርት ቤት በፊት ነው። ብራና ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የእኛ ቄሶችም ኦሪቱን በግዕዝ የሚያነቡት ከብራና ነበርና። እኔ ግን ቆዳው እንዴት እንደሚፋቅ፣ እንዴት እንደሚወጠርና እንደሚሰመር ያወቅሁት ይህን ስጽፍ አያቴን ጠይቄ ነው።

ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው፣ በመጋቢት 1936፣ የጣልያን አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደበደቡ። ያደገው በጣልያን ዘመንና ከዚያ በኋላ ነው። በሐረር ራስ መኮንን ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰና ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ ጀመረ። አልጨረሰውም። በዚያን ጊዜ ኮሌጅ የሚገባ ልጅ በጣም ጥቂት ነበር። ያን ትቶ ሥዕል ላይ ማተኮር ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይቻላል። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ባደርግ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር።

በ1957 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እላለሁ፤ ይህን ክፍል ስጽፍ ከሁሉ የበለጠ ያሰብሁበት ነውና።

ሰው፣ ዛፍ፣ ቤት የማይታይበት፣ በቀለምና በመስመር ብቻ የሚሠራ ሥዕል አብስትራክት ይባላል። በአማርኛ ረቂቅ ሥዕል የሚሉትም አሉ። በአውሮፓ ከ1910 ገደማ ጀምሮ ካንዲንስኪ የሚባል ሩሲያዊ በሙኒክ ከተማ ሆኖ ይህን ዓይነት ሥዕል ይሠራ ነበር፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ግን ናዚዎች ይህ ሁሉ የተበላሸ ሥዕል ነው አሉ። በ1937 በዚያው በሙኒክ ሥዕሎቹንና ቅርጾቹን ሰብስበው፣ ሕዝብ እንዲስቅባቸው በትልቅ ዐውደ ርእይ አሳዩአቸው። ለዚያ ዐውደ ርእይ ባሳተሙት መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያደረጉት ኦቶ ፍሮይንድሊሽ የሚባል አይሁዳዊ የሠራውን ቅርጽ ነበር። ፍሮይንድሊሽ አብስትራክት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ነው። በ1943 ከፈረንሳይ ወደ ፖላንድ ወስደው ገደሉት። በትምህርት ቤት ስለ ሾአ ብዙ ተምረናል፤ በቀለምና በመስመር ምክንያት ሰው እንደሚጠላ ግን አላውቅም ነበር።

ፍሮይንድሊሽ በኮሎኝ በ1919 የሠራው ትልቅ የሞዛይክ ሥራ ከጦርነቱ ተርፎ ነበር። ከተማዋ ከፍርስራሹ ተነሥታ አዲስ የኦፔራ ቤት ስትሠራ ሞዛይኩን እዚያ አደረጉት። የኦፔራው ቤት የተከፈተው በ1957 ነው፤ ገብረ ክርስቶስ ወደ ከተማዋ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። የሐረሩ ልጅ የገባው ትናንት እንዲህ ያለውን ሥዕል ያቃጠሉና የሸጡ ሰዎች አገር ውስጥ፣ ያ ሥዕል እንደገና በተፈቀደበትና ወጣቶች ሁሉ በሚሠሩበት ጊዜ ነበር። በ1961 በጣም ጥሩ ውጤት አግኝቶ ተመረቀ። እዚያው ኮሎኝ ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ፤ ሌሎች የአውሮፓ አገሮችንም ጎበኘ። መቅረት ይችል ነበር። በ1962 ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

አዲስ አበባ ውስጥ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር። ገብረ ክርስቶስ እዚያ አስተማሪ ሆነ፤ በ1963ም ሥዕሎቹን ለአገሩ ሰው አሳየ። ሕዝቡ የሚያውቀው ሥዕል የቤተ ክርስቲያኑ የቅዱሳን ሥዕል፣ የንጉሡ ሥዕል፣ የዓድዋ ጦርነት ሥዕል ነበር። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠራው ባለ ቀለም መስታወትም ሰው ይታይበታል። በገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሰው አልነበረም። ሰው ያለበትም ቢሆን ድሃው፣ የታመመው፣ የተቸገረው ነው፤ እሱም በጥቁርና በደበዘዘ ቀለም። የሚያምር ነገር ለማየት የመጣ ሰው ተቆጣ። ይህ የፈረንጅ ነው፣ ኢትዮጵያዊ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ፤ ብዙ ተጻፈበትም። የእርሱ መልስ በአጭሩ ሲነገር፣ ጥበብ እንደ ሳይንስ የሰው ሁሉ ናት፣ ኢትዮጵያዊ የሠራትም በዚያው ኢትዮጵያዊት ትሆናለች የሚል ነበር። ሰለሞን ደሬሳ የሚባለው ባለቅኔ ደግሞ ስለ ሥዕሎቹና ስለ ግጥሞቹ ጽፎ አንባቢ እንዲረዳው ሞክሯል።

እኔ ይህን ክርክር ሳነብ ከሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ እውነት አገኘሁ። የተቆጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። አገራቸው በጣልያን ተይዛ ነበርና ከውጭ የሚመጣውን ነገር መጠርጠራቸው ያስደንቃል አልልም። ግን ደግሞ አንድ ሰው ውጭ አገር ስለተማረ ብቻ ከአገሩ አይወጣም። ይህን ጥያቄ እኛ በዶራ የምናድግ ልጆች በሌላ መንገድ እናውቀዋለን፤ አንዳንዱ የእዚህ አይደላችሁም ይለናል፣ አንዳንዱ ደግሞ የዚያ አይደላችሁም ይለናል።

ከሥዕሎቹ በጣም የታወቀው በ1963 የሠራው ጎልጎታ ነው። ጎልጎታ ክርስቲያኖች ኢየሱስ ተሰቀለ የሚሉበት ቦታ ነው፤ ሥዕሉም ቀይ ቀለም የበዛበት ነው። እኛ አይሁዶች ነን፣ ይህ ሥዕል የእምነታችን አይደለም። በክፍል ስናየው አንድ ልጅ ፊቱን አዞረ፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን ቀዩን ቀለም ሳይ ደም ብቻ ነው ያየሁት፣ የማንም ሰው ደም። በ1966 የሠራው አረንጓዴ አብስትራክት የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን ሳይ ዓይኔ ያርፋል።

ከተቃውሞው ጋር ክብርም መጣ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ሸለመው፤ የተሸለመውም ይህን ዓይነት ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ ስላስገባ ነው። በ1966 ደግሞ እስክንድር ቦጎስያን ከፓሪስ መጥቶ በዚያው ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማረ። ሁለቱ አይመሳሰሉም። እስክንድር ከክታብና ከጥንት ሥዕል ዓይኖችን፣ እባቦችንና ምልክቶችን ወስዶ ህልም የሚመስል ነገር ይሠራ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደረቅና ዝምተኛ ቀለም ይወድ ነበር። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ሲነሣ የሁለቱ ስም አብሮ ይነሣል።

ከዚህም በላይ ገብረ ክርስቶስ ባለቅኔ ነበር። ሀገሬ የሚለውን ግጥሙን ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ በስደት የሚኖሩት፣ በቃላቸው ይዘውታል። የአገሩን ውበት ይዘረዝራል፣ ከአገር ርቆ መኖርን ያማርራል፣ መጨረሻ ላይም ወደዚያ መመለስን ይመኛል። እኔ ለማንበብ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ አባቴ አብሮኝ አነበበ። መሐል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቀየረና የቀረውን አንተው ጨርስ አለኝ። አባቴ ከጎንደር ሲወጣ ልጅ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አላየሁበትም። በእኛ ቤት የሚነገረው ወደ ኢየሩሳሌም ስለነበረው ናፍቆት ነው፤ እዚያ ስለቀረው ነገር ናፍቆት መኖሩን ያወቅሁት በዚያች ማታ ነው። ይህን ሰው የመረጥሁበት ምክንያት ይኸው ነው።

በ1974 ንጉሡ ወርደው ደርግ መጣ። ደርግ ከሰዓሊ የሚፈልገው ሕዝብን የሚቀሰቅስ ሥዕል ነበር፤ የተነሣ ክንድ፣ ባንዲራ፣ ሠራተኛና ገበሬ። ሰው የማይታይበት ሥዕል ለአብዮት ምን ይጠቅማል? በ1977 እና 1978 ቀይ ሽብር ብዙ ወጣቶችን ፈጀ፤ አስተማሪ ደግሞ የሚውለው ከወጣቶች ጋር ነው። ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሩን ትቶ ወጣ። በዚያው ጊዜ የእኛም ሰዎች የመጀመሪያዎቹ በእግራቸው ወደ ሱዳን መሻገር ጀምረው ነበር። እነርሱ የሚሄዱበትን አገር ስም ያውቁ ነበር፤ እርሱ ግን መድረሻ አልነበረውም። ጀርመን ሄደ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። መጋቢት 30 ቀን 1981 ኦክላሆማ በሚባለው ክፍለ አገር፣ ላውተን በምትባል ከተማ ሞተ። ዕድሜው 48 ነበር። ስለ አገሩ ያን ግጥም የጻፈ ሰው የተቀበረው አገሩን ሳያይ ነው።

ግጥሞቹ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ስም በመጽሐፍ ታተሙ። ጀርመን አገር ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በስሙ የተጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። በ2003 ደግሞ በዋሽንግተን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከኢትዮጵያ ወጥተው የሚኖሩ ሰዓሊዎች በኅብረት ሥራቸውን አሳይተው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ወሰኔ ኮስሮፍ ነው፤ ገብረ ክርስቶስ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ተምሮ በ1972 የተመረቀ። ወሰኔ የእኛን ፊደል ወስዶ ይሰብረዋል፣ ይጠመዝዘዋል፣ በቀለም ይሞላዋል። ሀ እና ለ ትመስላለች፣ ግን አትነበብም። እኔ ፊደል ስጀምር ሁሉም እንዲሁ ነበር የሚታየኝ፤ ስለዚህ ሥዕሉን ወዲያው ወደድሁት።

አሁን ወደ አያቴ ልመለስ። አረንጓዴ አብስትራክትን በወረቀት አሳትሜ አሳየኋት። ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ መነጽሯን አድርጋ እንደገና አየች፣ ከዚያ ምንም የለበትም አለች። እኔም መልስ አጥቼ ግድግዳውን ሳይ መሶቧ ተሰቅሎ አየሁት። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፣ አክርማውን ቀይ፣ ወይን ጠጅና አረንጓዴ እየነከረች እርሷ ራሷ የሰፋችው ነው። በላዩ ሰው የለም፣ ላም የለም፣ ቤት የለም። መስመርና ቀለም ብቻ ነው። ይህስ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም ይህማ መሶብ ነው፣ እንጀራ ይቀመጥበታል አለች፤ ያንተ ሰው ሥዕል ላይ ምን ይቀመጥበታል ብላ ሳቀችብኝ። ትንሽ ቆይታ ግን እናቷ ይህን አሰፋፍ ስታስተምራት ቀለሙን ማን ከማን ጎን እንደምታስቀምጥ ብዙ ጊዜ እያስፈታች እንደገና ታሰፋት እንደነበር ነገረችኝ። ቀይ ከአረንጓዴ ጎን ሲሆን ዓይን ይይዛል፣ ጥቁር ሲገባበት ያርፋል አለችኝ። በወለቃ የሸክላ ሥራ ያላቸውን ሴቶችም አነሣች፤ ነጋዴው የሚገዛው የሰውና የአንበሳ ቅርጽ ነበር እንጂ እነርሱ ለራሳቸው ማሰሮ አንገት ላይ የሚያደርጉት መስመር ብቻ ነበር አለች።

በትምህርት ቤታችን ኮሪደር ተማሪዎች የሠራናቸውን ሥዕሎች በኅብረት ሰቅለናል። ከመካከላቸው ሦስቱ ሰው የማይታይባቸው ናቸው፤ አንደኛው የእኔ ነው። ቀለሞቹን ያስቀመጥኋቸው አያቴ እንዳለችው ነው። መሶቧን ለማምጣት ፈቅዳልኛለች፣ እንዳይነካ ግን አደራ ብላኛለች። ከእናንተ መካከል በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ሄዶ ወይም ተምሮ የገብረ ክርስቶስን ሥዕል በዓይኑ ያየ ካለ፣ እባካችሁ ስትመጡ ንገሩኝ፤ የምትሉትን ሁሉ እጽፈዋለሁ።