ኅሩይ ቶኪዮ ሲሄዱ

አንድ የልዑካን ቡድን ለድርድር ወደ ውጭ አገር ተጓዘ በተባለ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በደራሲነታቸው ነው። እኔ ግን ሕግ ተማሪ ሳለሁ የ1900 ዓ.ም. የክሎቡኮውስኪን ውል ካነበብኩ ወዲህ በሌላ ዓይን ነው የማያቸው።

ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው ያ ውል የውጭ ዜጋ ጉዳይ ያለ ቆንስሉ እንዳይዳኝ አድርጎ ነበር። የጉምሩክ ቀረጣችንንም በ10 በመቶ አሰረው። ሌሎች መንግሥታትም ያንኑ መብት ተካፈሉ። መርሐቤቴ ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉት ኅሩይ፣ የውጭ ዜጎችን ክርክር በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሲሠሩ ጣጣውን በቅርብ ቀምሰውታል። (ዛሬ ውል የሚደራደሩልን ሁሉ አስቀድመው ችሎት ቢቀመጡ ደስ ባለኝ!)

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሲያቀኑ እንግዲህ ባዶ እጃቸውን አልነበረም። የወዳጅነትና የንግድ ውሉ በኅዳር 1923 ዓ.ም. ተፈርሟል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው ሕገ መንግሥታችን የተቀዳው በአመዛኙ ከጃፓኑ ነው። የጃፓን የጥጥ ጨርቅም ገበያችንን ሞልቶት ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ጃፓን እንደኛው ያለ ውል ተጭኗት የነበረች አገር ናት። የቆንስል ዳኝነቱን እ.ኤ.አ. በ1899፣ የቀረጥ እሥሩን ደግሞ በ1911 ጥላዋለች። ለኢትዮጵያ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይገኝ ነበር?

በጥቅምት ኮቤ ደረሱ። ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ፤ ፋብሪካዎችን ጎበኙ። ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚለው መጽሐፋቸው በዚያው በ1924 ዓ.ም. አሳተሙት። በአድናቆታቸው ትንሽ የበዙ ይመስለኛል። እሳቸው እዚያ ሳሉ የጃፓን ጦር ማንቹሪያን እየያዘ ነበር፤ ቻይናም እንደኛው የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። ከአራት ዓመት በኋላ ጣሊያን ሲመጣብን ማኅበሩ ምን እንደሚሆን ከዚያው ማየት ይቻል ነበር። ይህን ግን በኅሩይ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። በጄኔቫ ያልታመነ ማን ነበር?

ጃፓን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሌጋሲዮን ከፈተች። ዓመት ሳይሞላም የጣሊያንን ወረራ ተቀብላ ወደ ቆንስላነት ዝቅ አደረገችው። ኅሩይ ያኔ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ። በመስከረም 1931 ዓ.ም. እዚያው አረፉ።