ሐኪም በመከራ ቀን
የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕይወት ታሪክ

በጨርጨር ደጋ ላይ፥ ዛሬ ጭሮ ከምትባለው ከአሰበ ተፈሪ ተነሥቶ ወደ ገለምሶ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ከቡናው ተክልና ከተራራው ውበት ጋራ አንድ ታላቅ ስም ሊያስታውስ ይገባዋል። ይኸውም ከጣልያን ወረራ በፊት ይህን አገር ያስተዳደሩት የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ስም ነው። ብዙ ሰዎች እኒህን አባት በአገረ ገዥነታቸውና በመንግሥት መልእክተኛነታቸው ያውቋቸዋል፤ እኛ ግን ዛሬ የምንመለከተው የሥራቸው ሁሉ መሠረት የሆነውን ሐኪምነታቸውን ነው። ወረርሽኝ በወደቀ ጊዜ ሰው ሁሉ ከበሽተኛ ሲሸሽ ሐኪም ለምን ወደ በሽተኛው ይሄዳል? ግዴታውስ እስከ ምን ድረስ ነው? ይህን ለመረዳት የእርሳቸው ሕይወት ይረዳናል።

ሐኪም ወርቅነህ በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱ ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሕፃን ነበሩ፤ በዚያም ብጥብጥ ከወላጆቻቸው ተለይተው ብቻቸውን ተገኙ። አንድ የእንግሊዝ መኰንን አንሥቶ ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ እርሱም ሲሞት ሌላ መኰንን ረዳቸው፤ ቻርልስ ማርቲን የሚለውም ስማቸው ከሁለቱ መኰንኖች የተገኘ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ካደጉ በኋላ በላሆር ሕክምናን ተማሩ፤ ትምህርታቸውንም በስኮትላንድ አጽንተው በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኑ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እርሳቸው ናቸው።

በዚያ ዘመን በህንድና በበርማ ኮሌራ ይመላለስ ነበር፤ ኋላም የወረርሽኝ መቅሠፍት ተጨመረበት። በእንዲህ ያለ አገር የመንግሥት ሐኪም መሆን በሽታ ወደ ወደቀበት መንደር መሄድ ማለት ነበር። ቢሆንም ደመወዙና ክብሩ የተረጋገጠ ኑሮ ስለ ነበረ፥ ሐኪም ወርቅነህ በዚያው ቢቀሩ ማንም ባልነቀፋቸው ነበር። ነገር ግን የዐድዋን ድል በ1888 ዓ.ም. ከሰሙ በኋላ ልባቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ተሳበ።

በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርሱ የአገራቸውን ቋንቋ አያውቁም ነበር። ዘመድ እንዳላቸው እንኳ ሳያውቁ፥ አያታቸው በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። እርሳቸውም በከተማው ድንኳን ተክለው ሕዝቡን ያለ ዋጋ ያክሙ ጀመር። በዚህ ሥራቸው ስለ ክርስቶስ ፍቅር ዋጋ ሳይቀበሉ ያክሙ የነበሩትን ሰማዕታቱን ቆዝሞስንና ድምያኖስን ያሳስቡናል። በ1893 ዓ.ም. ደግሞ ከሐረር ወደ ኦጋዴን ከዘመተው ጦር ጋራ ሐኪም ሆነው ወጡ፤ ውሃና ስንቅ በሚያጥርበት በረሃ የሠራዊቱን መከራ ተካፈሉ። ከዚያም ወዲህ አንድ ጊዜ ወደ በርማ፥ አንድ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ እየተመላለሱ አገለገሉ፤ ዐፄ ምኒልክ በታመሙበት ዘመንም በአዲስ አበባ ነበሩ።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. ግን፥ ሐኪም ወርቅነህ በበርማ ሳሉ፥ የኅዳር በሽታ የተባለው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ በአገራችን ላይ ወደቀ። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሕዝብ ወደ 10,000 እንደሚደርስ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በብርቱ ታመሙ፤ መቃብር ቈፋሪ ጠፋ። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ ከበሽታው የሚጠብቃቸው ነገር አልነበረም። ሕዝባችን በኅዳር 12 ቀን ቆሻሻውን እየሰበሰበ ሲያጥን ያን ቀን ያስታውሳል። አንድ ሐኪም ለሕዝብ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ አገራችን በመራራ መንገድ የተማረችው በዚያ ወር ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ የበርማውን አገልግሎት ፈጽመው ለመኖር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።

ኋላም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ጠባቂ ሆኑ፤ ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች እንዲማሩ ደከሙ፤ በ1923 ዓ.ም. ገደማም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ተቀመጡ። በዚያም ግብሩ በሥርዓት እንዲሆን፥ መንገድ እንዲሠራ፥ ሕዝቡም በሕግ እንዲጠበቅ ጣሩ። ሐኪም በበሽታ ቀን በከንቱ እንዳይሞት መንገድና ሥርዓት ያስፈልጉታልና፥ ይህም የሕክምና ወንድም ነው። በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው በወረራው ዘመን ስለ አገራቸው ተከራከሩ። እርሳቸው በዚያ ሳሉ ሁለት ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ በ1929 ዓ.ም. በጣልያኖች እጅ ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ።

አንዳንድ ሰው እኒህ አባት በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አላደጉምና ለእኛ እንዴት ምሳሌ ይሆናሉ ይል ይሆናል። ጌታችን ግን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው ካህኑንና ሌዋዊውን ሳይሆን ሳምራዊውን ነው። ካህኑና ሌዋዊው የቈሰለውን አይተው ገለል ብለው ሲያልፉ ሳምራዊው ወንበዴ ባለበት መንገድ ላይ ቆሞ ቍስሉን አሰረለት። የሐኪም ግዴታ ከዚህ ይጀምራል፤ ሥራውን የመረጠ ሰው አደጋውንም አብሮ መርጧልና፥ በፍርሃት በሽተኛን ጥሎ መሸሽ ቃልን ማፍረስ ነው።

ይሁን እንጂ ግዴታው ያለ ልክ አይደለም። ጌታችን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን ይወረውር ዘንድ በተፈተነ ጊዜ እንቢ አለ። ስለዚህ ሐኪም እጁን ቢታጠብ፥ አፍና አፍንጫውን ቢሸፍን፥ መጠበቂያ ሳይሰጡት ግባ ቢሉት መጠበቂያውን ቢጠይቅ፥ ይህ ጥንቃቄ እንጂ የእምነት ጕድለት አይደለም። ነገ የሚመጡት በሽተኞች የእርሱን ሕይወት ይፈልጋሉና።

የቀረው ዕዳ የእኛ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር ያዘናል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ በዓለም ሁሉ፥ በአገራችንም፥ ሐኪሞችና ነርሶች ሌላውን ሲያክሙ ሞተዋል። ካህን ከመስቀሉ ጋራ የሐኪሙን ምክር ለምእመናን ቢያሰማ፥ ባለቤቱም ሕመሙን ሳይደብቅ ቢናገር፥ የሰፈሩም ሰው ከበሽተኛ የሚመለሰውን ሐኪም ቤት ከመከልከል ይልቅ ልጆቹን ቢጐበኝለት፥ ሐኪሙ ብቻውን አይቆምም። ከጎንደር እስከ ገለምሶ፥ በሩቅ ገጠር በአንዲት ጤና ጣቢያ ሌሊቱን ለሚተጉት ሁሉ እግዚአብሔር ብርታትን ይስጥልን፤ እኛንም ዕዳችንን የምንከፍል ያድርገን። አሜን።