አልበርት ኩንስ፦ አንቲቦዲን ያበራው ሐኪም

አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ኩንስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። በሽታን የሚዋጉልን አንቲቦዲዎች የት እንዳሉ በማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም ነበር። ኩንስ በ1939 በርሊን ሳለ፣ የሚያበራ ቀለም ቢጣበቅባቸው እንደሚታዩ አሰበ። ስጋቱ ቀለሙ ሥራቸውን እንዳያበላሸው ነበር። ሃርቫርድ ከኬሚስቶች ጋር ሆኖ የፕሮቲኑን አሚን የሚይዝ ቀለም ሞከረ፤ በ1941 ተሳካለት። ጦርነቱ ቢያቋርጠውም ተመልሶ ቀጠለበት። በኋላ ሌሎች ከአረንጓዴው ላይ እንደ ሮዳሚን ያሉ ቀዮችን ጨመሩ፤ ሁለት ነገር ለይቶ ባንዴ ማየት ተቻለ።

ይሄ ለእኛ ለጅጅጋ ተማሪዎች ምናችን ነው ትሉ ይሆናል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ቫይረሱ በውሻው አንጎል ውስጥ መኖሩ የሚረጋገጠው በኩንስ ዘዴ ነው። ኩንስ በ1978 አረፈ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ጋዜጣ ላይም ቢነበብ እላለሁ።