መምህሩ መነኩሴ
የአቡነ ጴጥሮስ አጭር የሕይወት ታሪክ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። በዛሬው ጽሑፋችን ስማቸው ከመቃብር በላይ የዋለ አንድ መምህር እናስታውሳለን። ታሪኩን የመረጥነው ከኪራሙ ወጥተን እዚህ የምንሰለጥን ጥቂት ሰልጣኞች ነን። ኪራሙ ያደግን ሰዎች ጦርነት ምን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ አንገልጥም፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሰው ቀዬውን ለቆ ሲሰደድ አይተናል። ታዲያ ነገ ጠመኔ ይዘን ክፍል ስንገባ አንድ ጥያቄ ይጠብቀናል፦ ክፉ ቀን ሲመጣ መምህር ምን ያደርጋል?

ልጁ ኃይለ ማርያም በሰላሌ፣ በፍቼ ተወለደ። የገበሬ ልጅ ነው። እንደዘመኑ ልጆች ፊደል የቆጠረው በቤተ ክህነት ነው። ከዚያም ለትምህርት ብሎ ከአገር አገር ዞረ፤ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ተማረ። ገና በወጣትነቱ በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሰ።

መነኩሴ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከሰው ርቆ ዋሻ የገባ ሰው ነው። እኚህ መነኩሴ ግን ኑሯቸው ከተማሪ ጋር ነበር። በወላይታ አስተማሩ፤ በዝዋይ ደሴት አገለገሉ፤ በኋላም አዲስ አበባ ተጠርተው መጡ። እንግዲህ ሥራቸው የእኛው ሥራ ነው ማለት ነው፤ የተመደቡበት ሄዶ ማስተማር።

በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የምታገኘው ከግብፅ ነበር። ይህ ልማድ ለብዙ መቶ ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ሄደው ጳጳሳት ሆኑ። አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ይስሐቅ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። አቡነ ጴጥሮስ መቀመጫቸው ደሴ ሆነ፤ አቡነ ሚካኤል ደግሞ ወደኛው ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ተመደቡ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ ወረራውን ጀመረ። አቡነ ጴጥሮስ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሰሜን ወጡ። በመጋቢት ወር ጦሩ ማይጨው ላይ ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። አቡኑ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ወደ መነኮሱበት ገዳም ተመለሱ። በሩን ዘግቶ መጸለይ ይቻል ነበር፤ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን ከሰላሌ አርበኞች ጋር ሆነው አዲስ አበባን መልሶ ለመያዝ በሚደረገው ምክር ገቡ።

ምክሩ በየአቅጣጫው ያሉ አርበኞች በአንድ ቀን ከተማዋን እንዲመቱ ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ከሰሜን በኩል የደጃዝማች አበራ ካሣ ሰዎች ከተማው ውስጥ ድረስ ዘለቁ። ነገር ግን ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። መገናኛ የሚሆን ሬዲዮም በእጅ የለም። አንዱ ወገን ሲደርስ ሌላው ዘገየ፤ ጥቃቱም ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ወደቁ።

ወታደራዊ ችሎቱ አልዘገየም፤ በማግሥቱ ሐምሌ 22 ነገሩ አለቀ። የተፈለገባቸው ነገር እኮ ትንሽ ይመስላል። ጠመንጃ አንሱ አልተባሉም፤ ሕዝቡ ለኢጣልያ እንዲገዛ ስበኩ፣ አርበኞችን አውግዙ ነው የተባሉት። ማለትም አንድ ንግግር ብቻ። ጠላት ሕዝቡ የሚሰማው መምህሩን እንደሆነ አውቋል። እሳቸው እምቢ አሉ። ይባስ ብለው ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ ገዘቱ። በአደባባይም በጥይት ተደበደቡ።

ነገሩ ግን በአዲስ አበባ አላበቃም። በዚያው ሰሞን፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም.፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች የነበሩበት የጥቁር አንበሳ ጦር ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች አቃጥሎ ነበር። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬን ሲይዝ አቡነ ሚካኤልም እንደ ወንድማቸው አልገዛም ብለው ተገደሉ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ራሱ ግራዚያኒ ለሮም ያስታወቀው ቁጥር 297 መነኮሳትና 129 ዲያቆናት ነው፤ ኋላ የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ቁጥሩን ከሺህ በላይ ያደርሱታል። ከነዚያ ዲያቆናት ብዙዎቹ የኛ እድሜ ነበሩ፤ እንዲያውም ከኛ ያነሱም አሉ።

እውነቱን ለመናገር ከአራቱ ጳጳሳት ሁሉም አንድ መንገድ አልሄዱም። አቡነ አብርሃም ለአዲሱ መንግሥት አደሩ፤ በ1930 ዓ.ም. ኢጣልያኖቹ ሊቀ ጳጳስ አድርገው ሾሟቸው። ይህን የምናነሳው ሙት ለመውቀስ አይደለም። አንድ ዓይነት ትምህርት የተማሩ፣ በአንድ ቀን የተሾሙ ሰዎች በፈተና ቀን ሊለያዩ እንደሚችሉ ለማሳየት ነው። የምስክር ወረቀት ብቻውን አያቆምም ማለት ነው።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አዲስ አበባ ላይ ቆሟል። በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ሲመለስ ብዙ ሰው ደስ ብሎታል። ወደዚያ የምትሄዱ ቆም ብላችሁ እዩት።

መጀመሪያ ወዳነሳነው ጥያቄ እንመለስ። ከመካከላችን ሞትን የሚጠየቅ ላይኖር ይችላል። በክፍል ውስጥ ግን ውሸት የሆነውን እውነት ነው እንድንል፣ ወይም አንዱን ልጅ ከሌላው ልጅ እንድንለይ የሚገፋን ቀን አይጠፋም። ያን ቀን ተማሪው የሚያየው መምህሩን ነው። አቡነ ጴጥሮስ መልሳቸውን ሰጥተው አልፈዋል፤ የኛ ገና ነው።