የአርባ ልጆች መሪ፤ ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን

መልካም የሙዚቃ ምሽት ያየ ሰው ዘመኑን ሁሉ ሲያወራው ይኖራል። አዳራሹን፣ የተቀመጠበትን ስፍራ፣ የዘፋኙን ልብስ እንኳ ሳይቀር ያስታውሳል። ዜማውን የደረሰው፣ ተጫዋቾቹንም ያስተማረው ማን እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ የምናነሣቸው ሰው ይህ መዘንጋት የደረሰባቸው ናቸው።

ኬቮርክ ናልባንዲያን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 በቱርክ ግዛት በአይንታብ ከተማ የተወለዱ አርመናዊ ናቸው። በ1915 በአርመን ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት ከሞት የተረፈውን በየአገሩ በተነው። ወላጆቻቸውን ካጡት ሕፃናት ብዙዎቹ በኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም ተጠልለው አደጉ።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ አስቀድመው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያም እነዚህ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው እጅግ ደስ ስላላቸው፣ ከፓትርያርኩ ፈቃድ ጠይቀው 40ውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ልጆቹ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ደረሱ። ስማቸውም አርባ ልጆች ተባለ። የሙዚቃ መሪያቸው ሙሴ ኬቮርክ ሆኑ።

እርግጥ ነው፣ የነሐስ ሙዚቃ በአገራችን ከዚያ በፊትም ተሰምቷል። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት በላኩት መሣሪያ ጥቂት ሰዎች ሠልጥነው ነበር። ነገር ግን የመንግሥቱ የመጀመሪያ ይፋዊ ኦርኬስትራ ተብለው የሚቆጠሩት አርባ ልጆች ናቸው።

ሙሴ ኬቮርክ ጓዱን በመምራት ብቻ አልተወሰኑም። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ቃሉ ከቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ስም ጋር አብሮ ይነሣል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በአራዳ፣ በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘውድ በጫኑበት በዓል ይህ ዜማ ተሰማ። ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሣይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከኢጣሊያ የኡዲኔ መስፍን በእንግድነት ተገኝተው ነበር። የገዛ አገሩን ያጣ ሰው የደረሰውን ዜማ፣ ነጻነቷን የጠበቀች አገር በዓለም መልእክተኞች ፊት የራሷ አድርጋ አሰማችው። ከ5 ዓመት በኋላ ግን ከእንግዶቹ የአንዱ መንግሥት ጦር ይዞ መጣ፤ በወረራው ዘመንም ያ መዝሙር ከአዲስ አበባ አደባባይ ጠፋ። ከድል በኋላ ተመልሶ፣ በ1967 ዓ.ም. በሌላ መዝሙር እስኪተካ ድረስ የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ኖረ።

የአርባ ልጆች ውል የ4 ዓመት ነበር። ጊዜው ሲፈጸም ጓዱ ፈረሰ። ሙሴ ኬቮርክ ግን እዚሁ ቀርተው መምህርነቱን ያዙ። በአራት ኪሎ አቅራቢያ በሚገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተማሩ፤ ዜማንም ከቴአትር ጋር አዋሕደው ለመድረክ አበቁ። እኛ ከዘውዱ በዓል ይልቅ የምናደንቀው ይህን ሥራቸውን ነው። በዓሉ የአንድ ቀን ነው፤ አንድን ልጅ ኖታ እንዲያነብ፣ ከጓደኞቹም ጋር ጊዜ ጠብቆ እንዲነፋ ማስተማር ግን የዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጭብጨባም የለውም።

የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ሥራውን ወረሱ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን የሙዚቃ ጓድ፣ ኋላም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራ መሩ። ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ በናፍቆት የሚያነሷቸው የዚያ መድረክ ምሽቶች ከዚህ የመምህራን ቤት ብዙ የተበደሩ ናቸው።

ሙሴ ኬቮርክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዐረፉ። መዝሙራቸውን ቆሞ ያልሰማ የዚያ ዘመን ተማሪና ሹም አልነበረም፤ ስማቸውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችን ወደ ሙዚቃ አዳራሽ ሲገቡ ለዘፋኙ ካጨበጨቡ በኋላ፣ ዜማው የማን እንደ ሆነና ተጫዋቾቹን ማን እንዳስተማራቸው ይጠይቁ ዘንድ እናሳስባለን። ለመምህር የሚከፈለው ብድር ከሁሉ አስቀድሞ ስሙን ማወቅ ነውና።