ጀምስ ብሩስ፦ ለኮሶና ለሊማሊሞ አሞራ የመሰከረው መንገደኛ

ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ በ1730 በስኮትላንድ፣ ኪኔርድ በተባለው የአባቶቹ ርስት ተወለደ። በወጣትነቱ ያገባት ባለቤቱ በተጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው አረፈች። ከዚያ ወዲህ ልቡ ወደ ጉዞ አዘነበለ። ዐረብኛና ግእዝ አጠና፤ በአልጀርስም የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ሠራ። በ1769 ምጽዋ ሲደርስ ዓላማው የዓባይን ምንጭ በዓይኑ አይቶ ስሙን ማስጠራት ነበር።

በአድዋና በአክሱም አልፎ ወደ ጎንደር ሲያቀና ሊማሊሞን ወጣ። አሽከሮቹ በተራራው አናት ላይ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ከብበው ሲመገቡ፣ ከመንቆሩ ሥር ጺም መሰል ላባ ያለው ግዙፍ አሞራ መሬት ለመሬት በዝግታ እየበረረ መጣና ሥጋውን ነጥቆ ሄደ። ተመልሶ በመጣ ጊዜ ብሩስ በጥይት ጣለው። ክንፎቹ ተዘርግተው ሲለኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ሆኑ። ላባውን ሲዳስስም እጁ በቢጫ ትቢያ ተሸፈነ። ብሩስ ትቢያው ወፉን ከደጋው ዝናብ የሚከላከል መሰለው። የኋላ ተመራማሪዎች ግን ይህ አሞራ ብረት ባለበት ቀይ ጭቃ ላባውን እንደሚያቀልም ደረሱበት። ብሩስ ምክንያቱን ቢስትም ያየውን በትክክል መዝግቧል።

በ1770 ጎንደር ገባ። ፈንጣጣ የያዛቸውን የመኳንንት ልጆች በማከሙ በእቴጌ ምንትዋብና በራስ ሚካኤል ስሑል ዘንድ ሞገስ አገኘ። ሐኪም ተብሎ ይከበር እንጂ ከአገሬው መድኃኒት ብዙ ተማረ። ከጥሬ ሥጋ ለሚመጣው የሆድ ትል ሕዝቡ የኮሶን አበባ በጥብጦ ሲጠጣ፣ መድኃኒቱም ሆድን አጥቦ ትሉን ሲያወርድ ተመለከተ፤ ዛፉንም በዝርዝር ገለጸው። ተቅማጥ በጸናበት ጊዜ ደግሞ የዋጊኖስ ሥር ፈወሰው። ዋጊኖስ እስከ ዛሬ በሳይንስ የሚጠራው በእርሱ ስም፣ ብሩሲያ ተብሎ ነው።

በዚያው ዓመት ሰከላ ወርዶ ግሽ ዓባይን አየ። ቀዳሚው እኔ ነኝ ቢልም፣ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን አይቶት ነበር። አብሮት የመጣውና በጎንደር የሞተው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ለሠራቸው ሥዕሎችም ተገቢውን ምስጋና ነፈገው።

ብሩስ በስናርና በኑቢያ በረሃ አልፎ በ1774 ለንደን ሲገባ የጠበቀው ፌዝ ነበር። ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረው በተለይ ውሸታም አሰኘው። አኩርፎ ወደ ርስቱ ተመለሰ፤ አምስት ቅጽ ያለውን የጉዞ መጽሐፉንም ያሳተመው በ1790 ነው። የመጨረሻው ቅጽ ስለ ዕፀዋትና እንስሳት የሚናገር ሲሆን፣ ኮሶውም አሞራውም በውስጡ ይገኛሉ። በ1794 አንዲት እንግዳውን ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ ገባ። የለንደን ሰዎች ያላመኑት ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው ደዌ መድኃኒት በገዛ ፋርማሲዎቻቸው ተሸጠ። የምንጩ ቀዳሚነት ለብሩስ አልጸናለትም፤ ከጎንደር ሰዎች ተምሮ የጻፈው ግን ጸንቶ ቆሟል።