አባ ኢየሱስ ሞዓ እና የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማው አለፍ ብሎ ባለው ሐይቅ ውስጥ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ስፍራው በጥንት ዘመን በውሃ የተከበበ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን ውሃው ስለ ሸሸ በእግር ይደረስበታል። ይህን ስፍራ የጸሎትና የትምህርት ቤት አድርገው ያደራጁት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1214 ገደማ በዳህና ተወለዱ። በኢጣልያ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ የሳን ዳሚያኖን ቤተ ክርስቲያን በእጃቸው ጠግነው፣ ሩጫቸውን ጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1226 ባረፉ ጊዜ እኚህ አባት ገና ብላቴና ነበሩ። ካደጉ በኋላ ወደ ትግራይ ተሻግረው በገመድ ብቻ ወደሚወጣበት ወደ ደብረ ዳሞ ገቡ፤ በአባ ዮሐኒ ሥርም መነኮሱ። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግንቡ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀበት የተሠራ ሲሆን፣ የእንጨቶቹ ጫፍ ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ ብቅ ይላል፤ በጣሪያው ላይም አንበሳና ዝሆን፣ ሌሎችም አራዊት ተቀርጸዋል። ወጣቱ መነኩሴ በዚህ ሕንፃ ጥላ ሥር መጻሕፍትን መገልበጥ ተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ በመጡ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ይሁን እንጂ በደሴቱ ላይ ካህናት ከነቤተሰቦቻቸው ይኖሩ እንደ ነበር ይነገራል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ስፍራው የመነኮሳት ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ቤቱን ትቶ ለሚወጣ አባወራና ለባለቤቱ ይህ ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም፤ ስለ ቅዱሳን ስንጽፍ ይህን መሰሉን ነገር ዘለን ባናልፍ መልካም ነው። ሥርዓቱ ጸንቶ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም።

ከዚያ በኋላ በደሴቱ ላይ የታነጸው በብራና ነው። ጻሕፍት ተቀመጡ፤ መጻሕፍት ተሰበሰቡ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ተምረው ወደ ሸዋ ተመለሱ። በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አባ ሂሩተ አምላክም ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው። የገዳሙ አበምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ በነገሥታቱ ዘንድ ትልቅ ተሰሚነት ነበራቸው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ቆይቷል። በውስጡ የራሳቸው ሥዕል ይገኛል። በዚያ ዘመን የኖረ አባት መልክ በሕይወቱ ሳለ ተሥሎ መገኘቱ እጅግ ብርቅ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት፣ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ለማንሳት እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው ሥራ ይህም ወንጌል ተነሥቷል፤ የፊልሙም ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ በቤኔዲክታውያን መነኮሳት ገዳም ይጠበቃል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1293 ዐረፉ። መታሰቢያቸው ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።